የጋሽ ፓስ ጥያቄ

መነጽር ሠሪው በካርታ ክበቡ ውስጥ «ጋሽ ፓስ» የሚል ስም ከወጣለት አስራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እሱም አልተቀየመም። እውነት ነዋ! ብሪጅ ሊጫወት ከሚስቱ ትይዩ በተቀመጠ ቁጥር፣ ጥሪው ከፍ ሲልና ድፍረት ሲጠየቅ፣ ካርታዎቹን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «ፓስ» ይላል፤ ይለፈኝ ማለቱ ነው። አንዴ ደረጃ ላይ እግሩ ሥር የገባችበትን ድመት «ፓስ» ብሏታል እያሉ ይቀልዱበታል። ውሸት ነው። ድመቷን ይቅርታ ነው የጠየቃት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አስራ ሦስት ካርታ ይደርሳቸዋል፤ አስራ ሦስት ዙር ይጫወታሉ። ከመጫወታቸው በፊት ግን በየተራ እየጠሩ ስንት ዙር እንደሚያሸንፉ ቃል ይገባሉ፤ ሌላውን የሚበልጠውንም የካርታ ዓይነት፣ ልብ ወይም ጦር የሚመስለው ስፔድ ብለው፣ አብረው ይጠራሉ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ዙሮች ስለማይቆጠሩ «አራት» ያለ ሰው አስር ዙር፣ «ስድስት» ያለ ደግሞ አስራ ሁለት ዙር አሸንፋለሁ ማለቱ ነው። ይህ ስድስት «ስላም» ይባላል፤ ነጥቡም እጥፍ ድርብ ነው። ነጥቡን የሚያገኘው ግን አስቀድሞ የጠራ ብቻ ነው። አራት ብሎ አስራ ሁለት ዙር ያሸነፈ ሰው ስላሙ አመለጠው፤ አለቀ። ጓደኛህ ምን እንደያዘ ደግሞ አታይም፤ የያዝከውንም አትነግረውም። የምትግባቡት በጥሪ ብቻ ነው። ይህ ጨዋታ ለባልና ሚስት ይመቻል የሚል ሰው ካለ ገና ያላገባ ነው።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። ሆስፒታል ውስጥ ድምጿ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ስትመጣ ኮታቸውን ያስተካክላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስንቷን ሴት «በርቺ! ትንሽ ቀርቶሻል!» ስትል ኖራለች። ካርታ ጠረጴዛ ላይ ግን ያቺ ሴትዮ የለችም። ባሏን እያየች ትቆጠባለች። ትንሽ ገፋ ብታደርገው የሚሰበር ይመስላታል።

ለዚህ ምክንያት አላት። ክበቡን በተቀላቀሉ በሁለተኛው ዓመት ባልየው አንድ ቀን ደፍሮ ነበር። በብሪጅ ውስጥ የጥያቄ ጥሪ የሚሉት አለ፤ «አራት ኖትራምፕ» ይባላል። ትርጉሙ «ስንት አስ ይዘሻል?» ነው፤ አስ ከካርታ ሁሉ ትልቁ ነው። መልሱም በምልክት ነው፤ «አምስት ልብ» ካለችህ «ሁለት አስ ይዣለሁ» ማለቷ ነው እንጂ ከልብ ካርታ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም። ያን ቀን ጠየቃት። «አምስት ልብ» አለችው። እሱም በላብ ተጠምቆ፣ አዳራሹ ሁሉ የሚያየው እየመሰለው፣ የጠየቀውን ጥያቄ ራሱ ረሳው። «ልብ ካርታ ከወደደች ይመቻት» ብሎ አሰበና «ፓስ» አለ። ምስኪኗ አስራ አንድ ዙር አሸንፋለሁ ብላ ቃል የገባች ሆና ቀረች፤ ያውም ሁለት ተራ ልብ ይዛ። አምስት ዙር አሸነፈች። አንገቷን ሳታቀና እስከ መጨረሻው ተጫወተችና «ሻይ እንጠጣ» አለች። አንድ ቃል አልወቀሰችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም።

ቤታቸው ውስጥ ወጥ ቤት የቆመው ቁም ሳጥን በሩ ሲከፈት፣ በውስጠኛው ገጽ ላይ በጠመኔ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዷ ያመለጠች ስላም ናት። ስልሳ ሦስት ደርሰዋል። እንግዳ ሲጠይቅ «የልጆች ነገር» ይላሉ። ልጅ የላቸውም።

አንድ ደንብ ግን አላቸው፤ ትዳራቸውን ያቆመውም ይኸው ደንብ ሳይሆን አይቀርም። ከክበቡ ሲመለሱ መንገድ ላይ ስለ ጨዋታው ትንፍሽ አይባልም። ቤት ገብተው ሻይ ይጣዳል። ሻዩ ሳይፈላ መካሰስ የለም፤ ከፈላ በኋላ ደግሞ መዋሸት የለም። ያመለጣቸውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ገልጠው ይዘረጉታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ፣ ይህን ስጠራ ይህን አስቤ ነበር ብሎ እቅጩን ይናገራል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ለሚስትየው አንድ ደብዳቤ የመጣ ቀን ካርታ አልነበረም፤ ደንቡም አልሠራም።

«ጠይቀውኛል» አለችው ሽንኩርት እየላጠች። «የአዋላጆች ማሠልጠኛውን እንድመራላቸው። ሌላ ከተማ ነው። ሁለት ዓመት።»

«እህ» አለ እሱ።

«አይሆንልኝም ማለት እችላለሁ።»

«እንዳመቸሽ።»

«ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

በቃ። ደብዳቤው የስኳር ቆርቆሮው ሥር ገባ፤ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሰኞ ነው የሚለው መስመር ብቻ በጎን ብቅ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ስኳር ባወጡ ቁጥር ያዩታል፤ ሁለቱም ቆርቆሮውን በጥንቃቄ ወደ ቦታው ይመልሱታል። በባልና ሚስት መካከል የገባ ይሉኝታ ከክፉ አማት ይብሳል።

መነጽር ሠሪው ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ሱቁን እንደከፈተ፣ የመነጽር ፍሬሙን ሥራ የምትሠራለትን ታናሽ እህቱን ጠራት።

«እንዲያው ለነገሩ» አላት፣ «እኔ ሁለት ዓመት ባልኖር ሱቁን ብቻሽን ትይዥዋለሽ?»

እህቱ ጠመንጃ መፍቻዋን አስቀምጣ አየችው። ይቅርታ፣ የመነጽር መፍቻዋን ማለት ነው፤ አስተያየቷ ግን የጠመንጃ ነበር። «እስከ ዛሬ የያዘው ማን መስሎህ ነው?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አንድ ሰዓት እየቆየ አንድ ጥንድ መስታወት ይሞርዳል። የማን እንደሆነ የትእዛዝ መዝገቡ ላይ የለም። እህቱ «የማን ነው?» ስትለው «የሰው» ይላታል። ሲጨርሰው መሳቢያ ውስጥ አስገባው፤ ዐርብ ቀን ደግሞ ከመሳቢያው አውጥቶ የኮት ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ሊሰጥ ይፈልጋል፤ ይፈራል። ብትፈልግ ኖሮ ትናገር ነበር ይላል በልቡ። እሱ ሂጂ ቢላት ደግሞ «ሊገላገለኝ ነው» ብትልስ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዝም አይነቅዝም። እንዲህ እያለ ኪሱን በእጁ ይዳብሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት ክበቡ ሞልቶ ነበር። አዳራሹ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለ አሮጌ ፎቅ ነው፤ መስኮቶቹ አይከፈቱም፣ ወንበሮቹ ሁሉ አንድ እግራቸው አጭር ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ባልና ሚስቱ በወሩ ውጤት ሁለተኛ ናቸው፤ ከፊታቸው የተቀመጡት አንደኞቹ ናቸው፤ ጠበቃውና የራሱ የጠበቃው አማት። ጠበቃው ፍርድ ቤት ውስጥ ዳኛ የሚያቋርጥ ሰው ነው። አማቱ ጨዋታ ቢያበላሹ ግን «እንዴት ያለ ዘዴ ነው እማማ!» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም። እማማ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሁልጊዜ ከአቅማቸው በላይ ይጠራሉ፤ አምላክ ደግሞ ለደፋር ያዳላል።

ካርታው ታደለ። መነጽር ሠሪው አንድ በአንድ አነሣው። ሁለት አስ። አምስት ስፔድ፣ ከንጉሡ ጋር። ጆሮው ሞቀ።

«አንድ ስፔድ» አለች ሚስቱ።

ጠበቃው «ፓስ»።

እሱ ደግሞ የያዘው አምስት ስፔድ! በዚህ እጅ ሌላ ሰው ወንበር ላይ ይቆማል። እሱ አሰበ፣ አሰበና «ሦስት ስፔድ» አለ። ትርጉሙ «ትንሽ አለኝ፤ ብዙ አትጠብቂ» ነው።

እማማ «ፓስ»።

ሚስቱ ከንፈሯን ነከስ አደረገች። አየችው። «አራት ስፔድ» አለች።

ተራው እንደገና እሱ ጋ ደረሰ። ያ የጥያቄ ጥሪ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አራት ኖትራምፕ፤ ሁለት ቃል ናት። ነገር ግን የድሮው አዳራሽ፣ የሰዉ ሁሉ ዓይን፣ አንገቷን ደፍታ የተጫወተችበት ያ ቀን ትዝ አለው። አራት ካለች አራት ነው የምትፈልገው ብሎ ራሱን አሳመነ። ጉሮሮውን ጠረገ። እማማ ቀድመውት «ፓስ» ሲሉለት ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም «ፓስ» አለ።

በጨዋታው ወግ መጀመሪያ የጠራው ይጫወታል፤ ጓደኛው ካርታውን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ዘረጋ። ሚስቱ ሁለቱን አስ አየች። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «አመሰግናለሁ» አለች፤ ይህም ወግ ነው። ከዚያ ተጫወተች፤ እንዴት አድርጋ! አንድ ዙር ብቻ ለጠበቃው ለቀቀችለትና አስራ ሁለቱን ሰበሰበች።

«አስራ ሁለት!» አሉ እማማ። «አንተ ልጅ፣ ይኸን ሁሉ ይዘህ አራት ላይ የቆምከው አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው?»

«እማማ፣ አሸንፈዋል እኮ» አለ ጠበቃው ለማለዘብ።

«ምን አሸነፉ? ያልጠሩትን!» አሉና ነጥቡን ጻፉ። ስላሙን ጠርተው ቢሆን የወሩ አንደኞች እነሱ ነበሩ።

ወደ ቤት ሲሄዱ በደንቡ መሠረት ዝም ተባለ። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ክንዱን ያዘችው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የልብስ ንጽሕና ቤቱ ሰውዬ በሩን እየዘጋ ሰላም አላቸው፤ ሁለቱም አንድ ላይ መለሱለት። ኪሱ ውስጥ ያለው ነገር በእያንዳንዱ እርምጃ ጎኑን ይነካዋል።

ሻዩ ተጣደ። ፈላ። እሷ ከቤታቸው ካርታ ሃያ ስድስቱን በቃሏ አንድ ሳትስት ለይታ ዘረጋች፤ የሷን በዚህ፣ የሱን በዚያ።

«ጀምር» አለችው።

«ሦስት ያልኩት ፈርቼ ነው» አለ። «አራት ስትዪ ደግሞ "በቃኝ፣ ከዚህ በላይ እንዳትሄድ" ያልሽኝ መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ ሦስት ስትል "ምንም የለኝም፣ አትጎትቺኝ" ያልከኝ መሰለኝ። አራት ያልኩት አንተን ላለማስጨነቅ ነው።»

«ሁለት አስ ይዤ?»

«እኔስ ሁለት ይዤ?»

ሁለቱም ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። አራቱም አስ እዚያው ተጋድመዋል። ለባላጋራ አንድ እንኳ አልደረሰውም፤ ሁሉም ከነሱ እጅ ነበር፤ እነሱ ግን አንዱ ሌላውን እንዳያስቸግር ሲጠነቀቁ እንደ ሌባ ደብቀው ቁጭ ብለዋል።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለች። ድምጿ የቁጣ አልነበረም።

«አምስት ልብ ላይ ጥዬሽ ከሄድኩ ወዲህ መች ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!» አለች። «አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል ስል አለሁ። ያን ቀን የተናደድኩ መስሎሃል? ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነው አንገቴን የደፋሁት። ሁለት ልብ ይዤ አስራ አንድ ዙር! እስከ ዛሬ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።»

መነጽር ሠሪው አስራ ሰባት ዓመት የተሸከመው ድንጋይ ድንጋይ አልነበረም። መሳቅም ማልቀስም አማረው። ከዚያ ሳያስበው ዓይኑ የስኳር ቆርቆሮው ላይ አረፈ። ጫፉ ብቅ ያለውን ደብዳቤ አየ። ሚስቱም የሚያየውን አየች፤ ፈጥና ካርታውን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው፣ አትሰብስቢው» አላት። ጉሮሮውን ጠረገ። እሷም ከልማድ የተነሣ ፓስ ሊል ነው ብላ ጠበቀች።

«አራት ኖትራምፕ» አለ።

«ጨዋታው አልቋል እኮ።»

«ይኼኛው አላለቀም። እስከ ሰኞ ነው።»

ሴትዮዋ ቁጭ አለች። ያቺ ኮሪደሩን የምታናውጥ ሴት የሻይ ማንኪያ አንስታ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሣች። ሻዩ ፈልቷል፤ ስለዚህ መዋሸት የለም።

«አምስት ልብ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«ሁለት አስ» አለ እሱ ወዲያው፣ ጮክ ብሎ፣ እንዳልረሳ እንድታውቅለት። «ዘርጊያቸው።»

«አንደኛው» አለች፣ «መሄድ እፈልጋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው። ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ዘልያለሁ። በዚህ ጉልበቴ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሴቶቹን ስቆጣ እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሽንኩርት እየላጥኩ ደበቅሁህ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ጥሩ አይደለም።»

«አስ ጥሩ ያልሆነ የለውም።»

«አንተ አልሄድም ብትል እንኳ እሄዳለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይኼን ነው የፈራሁት። "እንዳመቸሽ" ስትለኝ ሻንጣዬን ብቻዬን ስቆልፍ ታየኝ። ይኼን ያህል ጨካኝ ነኝ እንዴ ብዬ ራሴን አፈርኩበት።»

መነጽር ሠሪውን ነገሩ ወጋው። አይዋሽ፣ ወጋው። ከፊቱ ያለውን የስፔድ ንጉሥ አየ። ያለ እሱም እንደምትሄድ አሁን ያውቃል፤ ግን እንዲህ ያለ እውነት የሚነገረው ለማን ነው? ለባዳ ሰው አይነገርም። እሷ ይህን ያህል ከዘረጋች እሱ ደብቆ የሚይዝበት ፊት የለውም።

«የኔም ሁለት ነው» አለ። «አንደኛው፣ ደብዳቤው በመጣ ማግስት እህቴን ጠይቄአታለሁ። ሱቁን ትይዛለች። እንዲያውም ብሄድላት ደስ የሚላት ይመስለኛል።»

«በማግስቱ? ታዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ...»

«ቆዪ፣ አልጨረስኩም።» እጁን ወደ ኮት ኪሱ ሰደደ። የመነጽር ማኅደሩን አውጥቶ ከአራቱ አስ አጠገብ አስቀመጠው።

ከፈተችው። ከላይ የሩቅ፣ ከታች የቅርብ የሚያሳይ መነጽር ነው፤ መስታወቱ የተጋጠመበት መስመር ከጸጉር የቀጠነ ነው። እሷ እንዲህ ያለ መነጽር ኖሯት አያውቅም፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አያስፈልግም ነበር።

«የክፍል ነው» አለ እሱ፣ ስታየው ፊቱ እንዳይታይ አንገቱን ደፍቶ። «ከታች በኩል የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ታነቢያለሽ። ከላይ በኩል ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋውን ትይዥበታለሽ። ልሰጥሽ ነበር። የማባርርሽ መስሎሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያቆየሁት።»

መነጽሩን አደረገች። የስኳር ቆርቆሮውን አንስታ ደብዳቤውን ሳበችና በታችኛው መስታወት ከመጀመሪያው መስመር እስከ ፊርማው አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ በላይኛው መስታወት ባሏን አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ይታይሻል?» አለ።

«ይታየኛል። ፈርቷል።»

«ፈርቷል» አለ። «ግን ስድስት ብሏል።»

እንባዋን በአውራ ጣቷ ጠርጋ ሳቀች፤ ያ የኮሪደሩ ሳቅ ነው፣ ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም። ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ስልሳ አራተኛዋን መስመር አሰመረች፤ የከሰዓቱ ስላም እንደሆነ አምልጧል፣ ለሱ ምሕረት የለም። እሱ የደብዳቤውን መልስ ሊጽፉበት ወረቀትና እስክሪብቶ ፍለጋ ወደ መሳቢያው ሄደ። ሲመለስ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ወጥቷል፤ ገና አንድ ልብስ አልገባበትም፤ ታችኛው ጥግ ላይ ግን ጠመኔው ተቀምጧል።

«ይኼ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

«እዚያም ቁም ሳጥን አይጠፋም» አለችው።